ሃይማኖት ለምን በዛ? ዘርዓ ያዕቆብና ፍሪትዮፍ ሹዎን በአንድ ጥያቄ ፊት

በጅማ ከተማ ለሕዝብ የተደረገ ንግግር

የቡና ለቀማው ሰዓት በማይሰጥበት በዚህ ወቅት ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነትና ከጌራ ድረስ መጥታችሁ ይህን አዳራሽ ስለሞላችሁት ከልብ አመሰግናለሁ። ለቃሚ እየጠበቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁና ነገሬን አላንዛዛም።

የዛሬው ንግግሬ ስለ ሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው አክሱም አጠገብ ተወልዶ በእንፍራዝ እንደኖረ የሚተረክለት፣ «ሐተታ» በተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ የሚታወቀው ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ሁለተኛው ስዊዘርላንድ ተወልዶ አሜሪካ ያረፈው የሃይማኖት ፈላስፋና ገጣሚ ፍሪትዮፍ ሹዎን ነው። ሁለቱም አንድ ጥያቄ አንገብግቧቸዋል፤ አምላክ አንድ ከሆነ ሃይማኖት ለምን በዛ? መልሳቸውን ለማስታረቅ አልመጣሁም። እንዲያውም ለማራራቅ ነው የመጣሁት። በየመድረኩ ዘርዓ ያዕቆብ «ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው» ያለ ደግ ሽማግሌ ተደርጎ ሲጠቀስ እሰማለሁ፤ እሱ እንዲህ አላለም። ወደዚህ የሚቀርብ ነገር ያለው ሹዎን ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙዎቻችን የማንወደው ግዴታ አክሎበት ነው። መጀመሪያ ጥያቄውን ከዚሁ ከአገራችን መሬት አነሣለሁ፤ ቀጥሎ ወደ ሐተታውና መጽሐፉ ወደ ዓለም ወደወጣበት መንገድ፣ ከዚያም ወደ ሹዎን አልፋለሁ። በመጨረሻ ሁለቱንም አንድ የጅማ ሠርግ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ሊሙ ውስጥ ያለችውን ሰቃን አስቡ። በ1600 ገደማ ያ አገር እናርያ ይባል ነበር። ንጉሡ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፣ በ1580ዎቹ መጨረሻ ክርስትና ተነሥቷል፤ ለዐፄዎቹም ወርቅ ይገብራል። በ1613 ዐፄ ሱስንዮስ በማሊንዲ በኩል የባሕር በር እንዲፈልግ የላኩት ኢየሱሳዊው አንቶኒዮ ፈርናንዴስ ያለፈውም በዚሁ በእናርያ ነው፤ ባሕሩን ሳያይ ተመለሰ እንጂ። ከዚያ ወደ 1750 እንሻገር። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አገሩን የሊሙ ኦሮሞዎች ይዘውታል። እዚያው መሬት ላይ የሚወለደው ልጅ በዋቃ አምኖ፣ በኦዳ ጥላ ሥር ተመርቆ ያድጋል። ወደ 1850 ስንመጣ ደግሞ ሰቃ የንጉሡ የአባ ባጊቦ ከተማ ናት። ልጁ ቁርኣን ይቀራል፣ ረመዳንን ይጾማል። ሦስቱ ልጆች አንድ ምንጭ ጠጥተዋል፣ አንድ ኮረብታ ላይ ከብት ጠብቀዋል። ጊዜው ባይለያያቸውና ተገናኝተው ቢጠየቁ እያንዳንዱ እውነተኛው የእኔ ነው ይላል፤ የሚያቀርበው ማስረጃ ደግሞ ያሳደጉት አባቶቹ ቃል ነው። በመካከላቸው ማን ይፍረድ?

ዘርዓ ያዕቆብን ዋሻ ውስጥ ያስቀመጠው ይኸው ጥያቄ ነው። ሐተታው እንደሚተርከው በ1599 ከድኻ ገበሬ ተወለደ፤ ሰዎች ወርቄ ይሉት ነበር። ዜማ ጀመረ፤ ድምፁ ሻካራ ስለነበር ጓደኞቹ ሳቁበት። ወደ ሰዋስውና ቅኔ ተሻገረ፣ ከዚያም ለዐሥር ዓመት የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማረ። አክሱም ላይ ሲያስተምር ሱስንዮስ የሮማን እምነት ተቀብለው አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ዘርዓ ያዕቆብ ትርጓሜ ሲያስተምር «ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያን ደግሞ እንዲህ ይላሉ» እያለ ሁለቱንም ያቀርብ ስለነበር ሁለቱም ወገን ጠላው። ወልደ ዮሐንስ የሚባል የአክሱም ቄስ ለንጉሡ ከሰሰው። ጥቂት ወርቅና የዳዊት መዝሙሩን ይዞ ሸሸ፤ ተከዜ አጠገብ ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት ተሸሸገ። በ1632 ሱስንዮስ ሲሞቱ ወጣና እንፍራዝ ላይ ሀብቱ ከሚባል ባለጸጋ ቤት ገባ፤ መጽሐፍ ይጽፍ፣ የቤቱን ልጆች ያስተምር ጀመር። የቤቱን ገረድ ኂሩትን ሲያገባ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ብሎ ነው፤ ይህ ዛሬም የሚያስደንቅ ነገር ነው። ሐተታውን የጻፈው በ1667፣ ሽምግልናው ላይ፣ በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ልመና ነው።

ዋሻ ውስጥ ያደረገው ክርክር እንዲህ ይሄዳል። የአገሬው ሰው የፈረንጅ ሃይማኖት ክፉ ነው ይላል፤ ፈረንጁ ስለ እኛ ያንኑ ይላል፤ እስላሙንና አይሁዱን ብትጠይቅ እነሱም እንዲሁ። ከሳሽም ዳኛም ራሳቸው ሲሆኑ ፍርድ የለም። እንግዲህ ዳኛው እግዚአብሔር ለሁሉም እኩል የሰጠው ልቡና መሆን አለበት። ልቡናም ሲመረምር ሃይማኖቶች ሁሉ የሚስማሙበት ነገር እንዳለ ያያል። ፈጣሪ አለ፤ አትግደል፣ አትስረቅ፣ አታመንዝር፤ ለራስህ የማትወደውን በሌላው ላይ አታድርግ። ይህ ከእግዚአብሔር ነው። የሚለያዩበት ግን፣ ማለትም የጾሙ ወቅት፣ የመብሉ ሕግ፣ ምንኵስናው፣ የሚስት ብዛቱ፣ ሰው የጨመረው ነው።

እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። ይህ «ሁላችንም ትክክል ነን» ማለት አይደለም። ይህ ወንፊት ነው፤ ከወንፊቱ የሚወድቀውም ብዙ ነው። ኦሪት በሴት ወር አበባ ላይ ያኖረችውን ሕግ ይነቅፋል፣ መነኮሳትን ትዳርን ንቃችሁ የተፈጥሮን ሕግ አፈረሳችሁ ይላቸዋል፣ እስላሞችንም ሰውን እንደ ከብት መሸጥና መግዛት እንዴት ከፈጣሪ ይሆናል ብሎ ይሞግታል። ይህን የመጨረሻውን እዚህ ጅማ ላይ ስናነብ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል፤ ሂርማታ ትልቅ የባሪያ ገበያ ነበረና። ግን ሐተታው በዚህ ነገር ግማሽ እውነት ብቻ ተናግሯል እላለሁ። በክርስቲያን መኳንንት ቤት ያገለግሉ የነበሩት ባሮች ከሰማይ አልወረዱም። የሁለቱም ወገን እጅ ነበረበት፤ የልቡና ሰው ነኝ የሚል ደራሲ ወንፊቱን ወደ ራሱ ወገን ሲያዞር ትንሽ ጠበብ አድርጎታል።

አሁን መጽሐፉ ወደ ዓለም ወደወጣበት መንገድ ልለፍ። ይህ መንገድ በእኛው አካባቢ በኩል ማለፉን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አይመስለኝም። በ1843 አንድ ፈረንሳዊ ሰቃ ደረሰ። ስሙ አንቷን ዳባዲ ነው፤ አባ ባጊቦን አየ፣ እስከ ካፋም ወረደ። ከጉዞው በኋላ በኦሮሞ አገር የካቶሊክ ተልእኮ እንዲቋቋም ሮማን ወተወተ፤ በ1846ም ሮማ ጉሊኤልሞ ማሳያን ጳጳስ አድርጋ ሾመች። ማሳያ ይዟቸው ከመጣው ካፑቺን መነኮሳት አንዱ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ይባላል። ሌሎቹ በኋላ ጊቤ ሲደርሱ ጁስቶ ግን በጌምድር ጋይንት ቀረ፤ ግዕዝ ተማረ፣ ለዳባዲ መጻሕፍት ይፈልግና ያስገለብጥ ጀመር። የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ አገኘሁ ብሎ በ1852 የጻፈው ከዚያ ነው። ቅጂዎቹ ፓሪስ ገቡ፤ ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በዳባዲ ስብስብ ውስጥ በቁጥር 215 እና 234 ተመዝግበው ይገኛሉ። ጁስቶን ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ከአገር አባረሩት፤ በማግስቱ ዓመት ካርቱም ላይ ሞተ። ዳባዲ ሰቃን ባያይ ኖሮ ጁስቶ ጋይንት ባልደረሰ፣ ሐተታውንም ምናልባት አናውቀውም ነበር።

ወይም አንዳንዶቹ እንደሚሉት፣ ባልተጻፈም ነበር። በ1920 ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉን የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው አለ። ጁስቶን ያውቁ የነበሩ አንድ ኢትዮጵያዊ ካህን የሰጡትን ምስክርነት ጠቀሰ፤ የመነኵሴው የልጅነት ስም ያዕቆብ መሆኑም ጥርጣሬውን አጠነከረ። በተቃራኒው ከ1950ዎቹ ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ሲያስተምሩ የኖሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክላውድ ሳምነር፣ ቋንቋውንና አስተሳሰቡን መርምረው መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። አንዳንዱ ወንድማችን ክርክሩ መኖሩን ራሱ እንደ ስድብ ይቆጥረዋል፤ እኔ አልቆጥረውም። ወርቄም ጻፈው ጁስቶ፣ ክርክሩ በግዕዝ፣ በዳዊት መዝሙርና በአገራችን የሃይማኖት ቁስል የተሞላ ነው። ለዛሬው ነገራችንም የሚያስፈልገን ክርክሩ ራሱ ነው።

ወደ ሁለተኛው ሰው ልሂድ። ፍሪትዮፍ ሹዎን በ1907 ባዝል ከተማ ከጀርመናውያን ወላጆች ተወለደ፤ አባቱ ሙዚቀኛ ነበር። አባቱ ሲሞት እናቱ ወደ ሙሉዝ ወሰደችው፣ እሱም በጨርቅ ጥለት ነዳፊነት ኑሮውን ገፋ። ወጣት ሳለ የረኔ ጌኖን መጻሕፍት እጁ ገቡ። ጌኖን እስልምናን ተቀብሎ በኋላ ካይሮ የኖረና በ1951 እዚያው የሞተ ፈረንሳዊ ነው። የሰው ልጅ ጥንታዊና ዘለዓለማዊ ጥበብ አንድ ነው፣ ታላላቅ ሃይማኖቶችም የእሱ ልብሶች ናቸው የሚለውን ሐሳብ በዘመናችን እንደ ትምህርት ያቆመው እሱ ነው። ሐሳቡ ራሱ ግን ያረጀ ነው፤ በ1540 የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው አጎስቲኖ ስቴውኮ በዚሁ ርዕስ ትልቅ መጽሐፍ ጽፏል።

ሹዎን ማንበብ ብቻ አልበቃውም። በ1932 ባሕር ተሻግሮ አልጄሪያ፣ ሞስታጋነም ገባና በሼኽ አሕመድ አል ዐላዊ እጅ የሻዚሊያን ጠሪቃ ተቀበለ፤ ስሙም ዒሳ ኑረዲን ሆነ። ለጅማ ሰው ጠሪቃ፣ ዚክር፣ ሙሪድ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እዚህ አገር ቃዲሪያና ቲጃኒያ ሥር የሰደዱ ናቸው፤ የቲጃኒያው አልፋቂ አሕመድ ዑመር ወዳረፉበት ወደ ያአ ለዚያራ የሚሄድ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የቲጃኒያ መሥራች አሕመድ አል ቲጃኒም የተወለዱት አልጄሪያ ነው፤ ስለዚህ ሹዎን የጠጣበት ምንጭ ከእኛው ምንጭ ሩቅ አይደለም።

ዋናው መጽሐፉ በ1948 በፈረንሳይኛ ታተመ፤ ስለ ሃይማኖቶች የላቀ አንድነት ይናገራል። ክርክሩን በዛሂርና በባጢን፣ ማለትም በውጫዊውና በውስጣዊው፣ ማስረዳት ይቻላል። ሃይማኖቶች በዛሂራቸው፣ በሕጋቸውና በሥርዓታቸው ይለያያሉ፤ ልዩነቱም ከሰው ስሕተት ሳይሆን ከፈጣሪ ፈቃድ ነው። በባጢናቸው ግን ይገናኛሉ። ይህን ሲሰማ አንዳንዱ አድማጭ «እንግዲያው መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ባልሄድ ምን ቸገረኝ» ይላል። ሹዎን እዚህ ላይ በሩን ይዘጋበታል። ወደ ባጢን የሚያደርሰው ዛሂሩ ብቻ ነው፤ አንዱን መንገድ ይዘህ፣ ሶላቱንም ጾሙንም ሳትሸርፍ እስከ መጨረሻው ሂድ ይላል። ከዚህም ከዚያም ቀንጭቦ የራስን ሃይማኖት መስፋት ለእሱ ከክህደት ብዙም አይሻልም። ከጌኖን ጋር የተጋጩትም በዚህ ዙሪያ ነው። ጌኖን የክርስቲያን ምሥጢራት የጥንት ውስጣዊ ኃይላቸውን አጥተዋል ሲል፣ ሹዎን ጥምቀትና ቁርባን ኃይላቸው ያው ነው ብሎ ተሟገተ።

እሱ ራሱ ግን በዚህ ሕግ ጸንቶ ኖረ ወይ? ተቺዎቹ አልኖረም ይላሉ፤ ምክንያትም አላቸው። በ1959 ወደ አሜሪካ ሄዶ ሲዩ የሚባሉት ቀይ ሕንዶች እንደ ልጃቸው ተቀበሉት፤ ጠሪቃውን በእመቤታችን ስም ማርያሚያ ብሎ ጠራ፤ ማርያምንና ቀይ ሕንዶችን በሥዕል ይሥል ነበር። በ1980 ጨርሶ ወደ ኢንዲያና ተሻገረ፣ በ1998ም ብሉሚንግተን ላይ ሞተ። በሽምግልናው የመጨረሻ ዓመታት በእናት ቋንቋው በጀርመንኛ ከሦስት ሺህ በላይ ግጥሞች ጻፈ። አትቀላቅሉ ያለ መምህር ሕይወቱ ሲታይ ከተማሪዎቹ ይልቅ የተቀላቀለ ይመስላል። በአንጻሩ ወንፊት የያዘው ዘርዓ ያዕቆብ እንፍራዝ ላይ በሰው ፊት እንደ ክርስቲያን ኖረ፤ በልቡ የማያምንበትን ሥርዓት፣ እውነቱን ብገልጥ ያሳድዱኛል እንጂ አይሰሙኝም ብሎ በአደባባይ አልነቀፈም። ይህን ራሱ ጽፎታል። ሁለቱም ከገዛ ክርክራቸው ጋር ሙሉ በሙሉ አልገጠሙም፤ በዚህ ምክንያት ይበልጥ አምናቸዋለሁ እንጂ አልንቃቸውም።

ቃል እንደገባሁት ሁለቱን ወደ ሠርጋችን ልውሰዳቸው። ጅማ ወይም አጋሮ አንድ ክርስቲያን ልጁን ሲድር ሁለት ጊዜ ይደግሳል። ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ወይም በሬ ይገዛና ለሙስሊም ጎረቤቱ ያስረክባል። ጎረቤቱ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፣ ሴቶቹ በራሳቸው ድስት ይሠራሉ፣ ማዕዱም ለብቻው ይቀርባል። ሙስሊሙ ሲድርም እንዲሁ ያደርጋል። ዘርዓ ያዕቆብ ይህን ቢያይ ሥጋው አንድ ነው፣ ልዩነቱን የጨመራችሁት እናንተ ናችሁ ይላል። ማስረጃም አለው፤ ቡና ራሱ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ የእስላም ነው ተብሎ በክርስቲያኑ ዘንድ ሲወገዝ የኖረ መጠጥ ነው፤ በምኒልክ ዘመን ነገሩ ተለወጠ፣ ዛሬ የሁላችንም ቤት በእሱ ይጨሳል። ሹዎን ግን ይመልስለታል። ቡና መጀመሪያም በመለኮት ቃል አልተከለከለም፣ ልማድ ነበር፣ ሄደ፤ ዕርዱ ግን የፈጣሪ ስም የሚጠራበት ሥርዓት ነውና አትንካው።

ማን ትክክል ነው? ነገሩ ከሁለቱም መልስ የከበደ ነው። የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ለሙስሊም የተፈቀደ መሆኑን የሚናገር የቁርኣን አንቀጽ እንዳለ ዑለማዎቻችን ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ አገራችን ግን በሁለቱም ወገን ሥጋን ለየብቻ አድርጋ ኖራለች። ስለዚህ ሹዎን ሥርዓት ያለው ነገር በከፊል የዚህ አገር ልማድ ነው፤ ዘርዓ ያዕቆብ ትርፍ ያለው ነገር ደግሞ ሁለቱም ያላሰቡትን ሥራ ሠርቷል። ክርስቲያኑ ቢስሚላሁን አያምንበትም፤ ሆኖም ግቢው ውስጥ ቢስሚላህ መባሉን፣ ድስቱ አለመነካካቱን ራሱ ቆሞ ይጠብቃል። ዘርዓ ያዕቆብ የራሴን ልቡና አስተማረኝ፣ ሹዎን የራሴን መንገድ። የጎረቤቴን ሥርዓት ሳላምንበት ስለ መጠበቅ ግን ሁለቱም እምብዛም አልተናገሩም። ይህን ስል ነገሩን ለማሳመር አይደለም። በ2011 በአሰንዳቦ ዙሪያ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ የሠርግ ልማዳችን እሳቱን አላቆመውም፤ ተለያይቶ መብላት ለመጠራጠርም በር እንደሚከፍት አይተናል።

ወንበሬን ከመልቀቄ በፊት ስለ ቅኔ አንድ ነገር ልበል፤ ሁለቱም የግጥም ሰዎች ናቸውና። የሹዎን ትምህርት ለእኛ ከሰምና ወርቅ የተሻለ ምሳሌ አይገኝለትም፤ ዛሂሩ ሰም፣ ባጢኑ ወርቅ ነው። ቅኔ የዘረፈ ሁሉ ግን ያውቃል፤ ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙ አይጣልም፤ ሰሙን ካነሡት ቅኔው ራሱ የለም። ሹዎን በዚህ ይስማማል፤ ለዚህም ይመስለኛል በሽምግልናው ከፍልስፍና ይልቅ ግጥም የጻፈው። ቅኔ የተማረው ዘርዓ ያዕቆብ ግን ሐተታውን ሲጽፍ ቅኔውን ትቶ በተራ ንባብ ጻፈ። ሰም አልፈለገም። ዋሻ ውስጥ በቃሉ ሲደግም የኖረውን ዳዊት ግን አልጣለውም፤ ሃይማኖቶችን ሁሉ መርምሮ ሲጨርስም የሚጸልየው በዚያው መዝሙር ነው። ወንፊቱ ላይ ግጥሙ ቀርቷል።

ሁለቱም ሰዎች የሚያስቡትን በአደባባይ አልተናገሩም። አንዱ ለአንድ ደቀ መዝሙር ጻፈ፤ ሐተታው ከእጅ ጽሑፍ ወጥቶ በጀርመናዊው ሊቅ በሊትማን አዘጋጅነት የታተመው በ1904 ነው። ሌላው ብዙ መጽሐፍ ቢያሳትምም ዋናውን ትምህርቱን ለጠሪቃው ሙሪዶች ነበር የሚያስተላልፈው። እኛ ዛሬ ነገሩን ቄሱም ሼኹም በተቀመጡበት አዳራሽ አንሥተነዋል። እኔ የያዝኩትን ጨርሻለሁ። ከፊት ረድፍ ያሉት አባቶች መጀመሪያ ይጠይቁኝ፤ በተለይ ስለ ዕርዱ ያልኩት ላይ የሚያርመኝ ካለ ማይክሮፎኑ ይሰጠው።